በእርሳስ የተከበበች አንዲት ቃል

ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ ሠርግ ላይ ስንጫወት ዋልን። ጠዋት 12 ሰዓት ከደሴ ወርደን ዕቃ ስናራግፍ፣ ገመድ ስንዘረጋ፣ ድምፅ ስንሞክር ስልኬን የጊታር ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። ከዚያ ሙሽሮቹ ገቡ። ከዚያ ጭፈራው ደራ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ፣ ስልኬን ሳወጣው 17 ጥሪ አምልጦኛል። አንዱንም መልሼ ሳልደውል ገባኝ።

ወዳጄ ያረፈው ጠዋት ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበረ። ያን ሰዓት እኔ ምን ሳደርግ እንደነበር ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ሙሽራው ሊገባ ነው ተብሎ ጊታሬን እየቃኘሁ ነበር። በመካከላችን ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በማግስቱ ማልጄ ለቅሶ ቤት ደረስኩ። ማንም አልወቀሰኝም። «አብሽር፣ ሥራ ላይ ነበርክ» አሉኝ። ወሎ እንዲህ ነው፤ ሳትጠይቅ ይቅር ይልሃል፤ ጭራሽ የምትናገረው ያሳጣሃል። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ጫማዬን ሳይ ዋልኩ።

ግን መጻፍ የፈለግኩት ስለዚያ ቀን አይደለም። እሱን እንደምንም ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት አንዲት ቃል ነች። ሁለት ፊደል ናት።

ስሙን የማልጽፈው ሰው

ስሙን አልጽፍም። ስሙ ሲታተም አይወድም ነበር። አንዳንድ ሰው መጽሐፉን አሳርሞ ሲጨርስ «ምስጋና» በሚለው ገጽ ላይ ያስገባዋል። እሱ ደግሞ የመጨረሻውን ንባብ ሲያነብ ያንን መስመር ያወጣዋል። «የልብስ ሰፊ ስም ኮሌታ ላይ አይጻፍም» ይላል። በኋላ ሳስበው ይጻፋል እኮ። ያኔ ግን መልስ አጥቼ ዝም አልኩ።

እኔ ጋሼ ነው የምለው። በ14 ዓመት ይበልጠኛል። አማርኛ አስተማሪ ነበር። ማስተማሩን ትቶ ፒያሳ አካባቢ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት የሚሠራባት ክፍል ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። የመመረቂያ ጽሑፍ ያርማል። የዕድር ደንብ ያርማል። የሠርግ ጥሪ፣ አቤቱታ፣ ግጥም፣ አልፎ አልፎም ልብ ወለድ። አንድ ጊዜ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ላይ «ጥብስ» የሚለው ተሳስቶ ስላየ ገብቶ ምሳውን በልቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ለባለቤቱ በጆሮው ነግሮት ወጣ።

አርታኢ ሲሉት ፊቱ ይጨማደዳል። «አራሚ በሉኝ» ነው የሚለው። ያደገው ገራዶ ነው፤ ጤፍ ሲያርም። ማረም ለእሱ ሁለቱም አንድ ነበር። ጎንበስ ትላለህ፣ አረሙን ከቡቃያው ትለያለህ፣ የቡቃያውን ሥር ሳትነካ ትነቅላለህ። ሲመሽ የሠራኸው አይታይም፤ የሚታየው ጤፉ ነው። ወገብህ ግን ያውቀዋል።

ቀይ እስክሪብቶ አይነካም። በእርሳስ ነው፤ ያውም በመቅረጫ ሳይሆን በቢላ የቀረጸው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ቀጥ ያለ መስመር ካሰመረ ይውጣ ማለት ነው። እንደ ሞገድ የሚሄድ መስመር ከሆነ «ይህ ያንተ አይደለም፣ ከሰው የሰማኸው ነው» ማለት ነው። ሦስተኛው ክብ ነው። ቃሏን ይከብባታል፤ ጎኗ ላይ ግን ምንም አይጽፍም። ክብ በወረቀት የማይነገር ነገር ነው። ለክብ ቤቱ መሄድ አለብህ። እህቱ ቡና ታፈላለች። አቦሉን ዝም ብሎ ይጠጣል። ቶናው ላይ ስለ መስመሮቹ ያወራል፤ ትከራከረዋለህ፤ ትሸነፋለህ። ክቡ የሚነሳው በረካ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ስለ ሟቹ አባቴ በጻፍኩት ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብቦ ነበር። በረካው ሲመጣ «አባትህ ይህን ቢያነበው ይቆጣል ወይስ ይስቃል?» አለኝ። አሰብኩና «ይስቃል» አልኩት። «እና ለምን ያስለቅሳል?» አለ። ቤቴ ገብቼ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ አይደለም፣ ጽሑፉን በሙሉ እንደገና ጻፍኩት።

የምትወደውን ነው የሚነቅልብህ። ስታኮርፍ «ዝም አይነቅዝም» ይልሃል። መጨረሻ ላይ ምክር ቢጤ ጣል ካደረግክማ አለቀልህ። እኔ እንኳን ከ10 ዓመት በላይ አሳርሜው ያቺን አመል ሙሉ በሙሉ አልተውኩም።

እንጨትና ብረት

የመጨረሻ የሰጠሁት ጽሑፍ ስለ ጊታሮቼ ነበር። አምስት ጊታር አለኝ። ሚስቴ ስድስት ናቸው ትላለች፤ የተሰበረውን ቆጥራ ነው።

ወሎ ተወልዶ ጊታር መውደድ ትንሽ ያሳፍራል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በዚሁ በአገራችን ስም የሚጠሩ ናቸው። እነሱን ደግሞ ክራርና ማሲንቆ ናቸው በደንብ የሚያውቋቸው። የሰፈራችን አንድ ክራር መቺ ጊታሬን አይቶ «ይሄ ሁሉ ብረት ለምንድን ነው?» ብሎኛል። አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩትን ብረቶች፣ ፍሬቶቹን ማለቱ ነው። እኔ ግን የካሴት ልጅ ነኝ። በሮሃ ባንድ ዘመን ከዘፋኙ ጀርባ የሰላም ስዩም ሊድ ጊታር ትሄዳለች። ዘፈኑን ትቼ እሷን እከተላለሁ። እናቴ «ምኑን ነው እንዲህ አፍህን ከፍተህ የምትሰማው?» ስትለኝ «ከኋላ ያለውን» እላት ነበር።

መጀመሪያ የገዛሁት ቦክስ ጊታር ነው። ክሮቹ ከፍሬቶቹ በጣም የራቁ፣ ጣት የሚያደሙ። አንገቱ ትንሽ ስለጎበጠ ከአምስተኛው ፍሬት በላይ ሁሉም ነገር ይዋሻል። ለሁለት ዓመት እውነተኛ ድምፅ የነበረኝ አምስት ፍሬት ላይ ብቻ ነው። ያንን ጊታር እስካሁን እንደሱ የወደድኩት የለም። ሚስቴ የምትቆጥረው ስድስተኛው እሱ ነው።

ፍሬት ራሱ የሚገርም ነገር ነው። ክሩን አናቱ ሥር ካረፈበት እስከ ድልድዩ ለክተህ ለ17.817 ታካፍላለህ፤ የመጀመሪያው ፍሬት እዚያ ላይ ይቀመጣል። የቀረውን ርዝመት እንደገና በዚያው ቁጥር ታካፍላለህ፤ ሁለተኛው ወጣ። እንዲህ እያልክ 12ኛው ላይ ስትደርስ ከክሩ እኩሌታ ላይ ነህ። ጥቁሩ ጊታሬ ላይ ክሩ 648 ሚሊ ሜትር ነው፤ 12ኛው ፍሬት 324 ላይ ቁጭ ብሏል። ክራር መቺው ይህን ስነግረው «እኔ ጆሮ አለኝ» ብሎ ሄደ።

ይሁን። ግን አንድ ነገር ያስተማረኝ ያ «ሁሉ ብረት» ነው። ማይነሯን ትዝታ ውሰድ። ከዶ ብትነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል (ግማሽ ድምፅ የወረደች ሚ)፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ናት። አሁን አምስቱን ድምፆች ሳትነካ፣ አንድም ሳትጨምር፣ ቤትህን፣ ማለት ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ፣ ከዶ አንሥተህ ሶል ላይ አድርግ። አምባሰል ሆና ታገኛታለህ። እኔ ለዓመታት ሁለት የማይገናኙ አገሮች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ማታ ጣቴ ተሳስቶ ሶል ላይ ሲያርፍ ነው የነቃሁት። በማግስቱ ጊታሬን ተሸክሜ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ሙዚቃ አይችልም፤ ያፏጫል እንጂ። አራት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ «ማለት ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት ነው የተቀየረው» አለ። ቀጥሎ እርሳሱን አንሥቶ ካንድ ሰው ጽሑፍ ላይ የመጀመሪያውን አንቀጽ ወደ መጨረሻ ወሰደው።

የሊዮ ፌንደርን ታሪክም ይወደው ነበር። ስትራቶካስተር የሚባለውን ኤሌክትሪክ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ሰው ነው። የራዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት አይችልም።

«አይችልም ማለት እንዴት?» አለኝ ጋሼ።

«አይችልም ነዋ። መቃኘትም አይችልም ይባላል።»

«ታዲያ መስተካከሉን በምን ያውቃል?»

«ለተጫዋቾች እየሰጠ ይጠይቃቸው ነበር። ያማረሩትን ያስተካክላል።»

ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ። «እኔን ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ «ጋሼ፣ አንተ ለምን አትጽፍም?» ሲለው «እኔ ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ» ነው መልሱ። የሚስቀው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ሌላው ያወራሁት ስለ አየሩ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲውጣት እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፤ ያብጣል። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ እዚያ ስትደርስ ብረቱ ክር በሙቀቱ ይላላል፤ ድምፁ ይወርዳል። ጥርን በመሰለ ደረቅ ወር ደግሞ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ለጊታር የሚመከረው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 ከመቶ ነው። እኔ የሳሙና ማስቀመጫ በስቼ፣ እርጥብ ስፖንጅ ከትቼበት፣ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጣለሁ። ኮምቦልቻ ሠርግ ያለው የደሴ ጊታረኛ ማልዶ ወርዶ ጊታሩን ከቦርሳ አውጥቶ ካላስለመደው መሀል ዘፈን ላይ ይዋረዳል። ያን ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ የወረድኩት ለዚህ ነው።

ጥቁሩ ጊታር 3 ኪሎ ከ700 ግራም ይመዝናል። ሰኞ ገበያ የሽንኩርት ሚዛን ላይ አስመዝኜዋለሁ። ሻጯ «ስንት ልበልህ ኪሎውን?» አለችኝ።

ፖስታው

ከቀብሩ በአራተኛው ቀን የጽሕፈቷ ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ ላንተ ያስቀመጠው ፖስታ አለ» አለች። ዓርብ ማታ ነው የሰጣት፤ ሊሞት ሲል ማለት ነው። ደም ግፊት ነበረበት። መድኃኒቱንም እንደ ጽሑፍ ነበር የሚያየው፤ ይበዛል እያለ ይቀንሰዋል።

ፖስታውን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። 11 ገጽ። የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ ወጥቷል፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ልክ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ጊታር ነፍስ አለው» ከምትለው ሥር ሞገዷ ሄዳለች። እሷም ልክ ናት፤ ያላለው ሰው የለም። የፌንደርን ታሪክ አልነካትም። የሽንኩርቷን ሚዛንም አልነካትም።

ስምንተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ። «በ2014 ጥቅምት ሰው ሁሉ ከደሴ ሲወጣ እኔም ከአራቱ ጊታሮቼ ጥቁሩን ይዤ ወጣሁ።»

«ይዤ» ተከብባለች።

በ11 ገጽ ውስጥ ያለችው ክብ እሷ ብቻ ናት። ጎኗ ላይ ምንም የለም። ሊኖርም አይችልም። ለክብ ቡና ነው የሚፈላው።

መጀመሪያ የመሰለኝ የፊደል ነገር ነው። በ«ዤ» እና በ«ዠ» ዓመታት ተጣልተናል። እኔ እንዳነጋገራችን «ይዠ» ብዬ እጽፋለሁ፤ እሱ «የምትናገርበት ሌላ፣ የምታትምበት ሌላ» ይላል። ግን እኮ ይህን ያህል ጊዜ አሸንፎኝ «ይዤ» ብዬ ነው የጻፍኩት። የሚታረም ነገር የላትም።

ቀጥሎ ቃሏ ደካማ ሆናበት ይሆናል አልኩ። ግሥ ላይ ጥብቅ ነው። «መያዝ ብዙ ዓይነት ነው፤ ዕቁብም ይያዛል፣ ጉንፋንም ይይዛል» ይል ነበር። እርሳስ ተውሼ ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ በሐሳቤ እቀያይራት ጀመር። ተሸክሜ። አንግቼ። ታቅፌ። አዝዬ።

«አዝዬ» ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ስለዚያች ደቂቃ ሳስብ አንድ ነገር ይገርመኛል። የረሳሁት ነገር አልነበረም። ማንም ቢጠይቀኝ እመልስ ነበር። ብቻ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ሰው የሚዋሸው አስቦ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስጽፋት ግን አላሰብኩም፤ እንደ ወትሮዋ መጣች። ለሦስት ዓመት ያህል በዚያው ግሥ ስናገራት የከረምኩ ናት። በሠርግ እረፍት ላይ፣ ለአዲስ ተዋዋቂ፣ ጊታር ሊማር ለመጣ ልጅ። «ሁሉን ጥዬ ጊታሬን ይዤ ወጣሁ» እላለሁ። ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ጋሼም አንዳንዴ እዚያው ነበር። ቡናውን እየጠጣ።

ሐረጎ

ጊታሩን የያዝኩት እኔ አይደለሁም።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። እሷን በአንድ እጄ ደግፌ፣ በሌላው ጨርቋንና መድኃኒቷን የቋጠርንበትን ይዤ ነበር። ሚስቴ ልጁን አዝላለች። ጋሼ ገና ሳይነጋ ከእህቱ ጋር እኛ ቤት መጣ፤ አብረን ልንወጣ። ትከሻው ላይ በሲባጎ የታሰረ ካርቶን አለ። ጦርነቱ ደሴ ደጃፍ ደርሷል፤ መኪና የለም። ሰው በእግሩ ነበር የሚወርደው።

ጊታሩ በሩ ሥር ቆሟል። የቦርሳው ማንገቻ ከተበጠሰ ወር ሆኖታል። አየሁት። ለማንሣት ሦስተኛ እጅ ያስፈልገኛል። ምንም አልተናገርኩም፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ዝም ብዬ አየሁት።

ጋሼ ደግሞ እኔን አየኝ። ከዚያ ካርቶኑን ከትከሻው አውርዶ ኮሪደሩ ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው ጎን አስቀመጠው። ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ። ጊታሩን ልጅ እንደሚታዘል ጀርባው ላይ አድርጎ ደረቱ ላይ ቋጠረው። «በሉ እንሂድ» አለ።

«ካርቶኑስ?» ብዬው ይሆን? ብዬው ቢሆን ደስ ይለኛል። ያልኩት አይመስለኝም።

ሐረጎን እንደዚያ ወረድን። ከወረዱት ሺህ ሰዎች አንዱ ስለሆንን ታሪኩን መድገም አያስፈልግም፤ ደሴ ያለ ሁሉ የየራሱን ያውቃል። እኔ የማስታውሰው ከፊቴ የሚሄደውን ጀርባ ነው። የጊታሩ አንገት ከራሱ በላይ ወጥቶ ከግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ዞር ብሎ እናቴን «እማማ፣ ይሄ ልጅ እኮ አያለቅስም፤ ጥሩ ነው ያሳደጋችሁት» አላት። እናቴ ያን ቀን የሳቀችው አንድ ጊዜ ነው። ከኮምቦልቻ የጭነት መኪና አገኘን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ፎጣውን ፈትቶ ጊታሩን ሰጠኝ። ተቀበልኩት። መጀመሪያ ያየሁት አንገቱ እንዳልጎበጠ ነው።

እዚያ ማታ ማታ ለልጆች እጫወት ነበር። «ጊታሩን ይዞ የመጣው ሰውዬ» ተባልኩ። ቃሏ የመጣችው ከዚያ ይመስለኛል። ሰው ሰጠኝ፤ እኔ ተቀበልኩ።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። የቤቴ በር ክፍት ነበር። ሁለት ጊታሮች የሉም። ቦክስ ጊታሩ አናቱ ተሰብሮ ወለሉ ላይ ነበር። ካርቶኑ የለም። ሲባጎው ብቻ ከጫማ መደርደሪያው ሥር ቀርቷል። ስለ ጊታሮቹ አንድ ወር ሙሉ አዘንኩ። ጋሼ ከእኔ ጋር ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ጊታር የሚሸጥ ሰው መጥቶ እንደሆነ ይጠይቅልኝ ነበር። የእሱን ካርቶን የጠየቀለት የለም። ሲባጎውን እንኳ እኔ ነኝ የጣልኩት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ካርቶኑ ውስጥ ምን ነበር ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ጋሼ ከተቀበረ በአራተኛው ቀን ደረጃ ላይ ነው።

አሁን ነገሩን አወጣዋለሁ አወርደዋለሁ። ስሜ ይግባ ማለቱ ነው እንዳልል፣ ስሙን ሲነቅል የኖረ ሰው ነው። እንዲያውም እሱን ከታሪኩ ማውጣቴ ደስ ሊለው ይችል ነበር። ምናልባት የቆረቆረው መውጣቱ ሳይሆን ግሡ ነው። አራሚ ነው፤ የሌላ ሰው ጤፍ ላይ እንኳ እንክርዳድ አይቶ አያልፍም። ወይም ደግሞ ስለ እኔ ነው፤ «ይህን አባትህ ቢያነበው» እንዳለኝ ያለ ጥያቄ አዘጋጅቶልኝ ነበር። ወይም፣ አላህ ይርሐመው፣ የምር የ«ዤ» ነገር ነው፤ እኔ ነኝ ተራራ የማደርገው። እነዚህን ሁሉ እችላቸዋለሁ። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሌላ ነው። ምናልባት በረካ ላይ ስለ ካርቶኑ ሊነግረኝ ነበር።

በረካ

ሁለት ወር ቆይቼ ቤቱ ሄድኩ። ወረቀቱን በፖስታው እንደያዝኩ። እህቱ በሩን ከፍታ «ገባ በል የኔ ጌታ፤ ጠፋህ» አለችኝ። ከሰሉ ተያይዟል። የእሱ ዱካ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ አልተቀመጥኩበትም።

አቦሉን ዝም ብለን ጠጣን። ቶናው ላይ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቀችኝ። በረካውን ስትቀዳ እንደምንም አልኩት።

«እትዬ፣ ያኔ ስንወጣ እኛ ቤት የተወው ካርቶን… ምን ነበረው?»

ጀበናውን ወደ ማቶቱ መለሰችው። «ደብተር ነዋ» አለች።

«የሰው? የሚያርመው?»

«ኧረ የራሱ። ከማስተማሩ ጊዜ ጀምሮ ማታ ማታ ይጽፍ የለ? መብራት ሲጠፋ በሻማ።» የከሰሉን አመድ በጣቷ ጠረገች። «ምን እንደሚል እኔ አላውቅልህም። ፊደል አልቆጠርኩም። አንብብልኝ ስለው ገና አልታረመም ይለኛል።»

ሲኒዬን ያዝኩ። ፖስታውን ከጭኔ ላይ አላነሣሁትም።

ትንሽ ቆየችና «ደብረ ብርሃን እያለን ትከሻውን በቅቤ ሳሸው ነበር» አለች። «ሳምንት ሙሉ አመመው። ያ ሐረጎ ላይ ያዘለው እንጨት… ይከብድ ነበር እንዴ?»

3 ኪሎ ከ700 ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ።

«አላውቅም እትዬ» አልኳት። «እኔ አልተሸከምኩትም።»